ፋየር ቢሉት እሳት ማጥፊያ ይዞ መጣ

ሚሌ ያመሸ ሰው ወሬ አያጣም። ከአዋሽ የሚመጣው መንገድና ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ የሚወርደው መንገድ የሚገናኙት እዚያ ነው። በ1990 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት የአሰብ በር ከተዘጋና የአገሩ ዕቃ አብዛኛው በጂቡቲ በኩል መግባትና መውጣት ከጀመረ ወዲህ፣ ተሳቢው፣ ቦቴው፣ መኪና የጫነው መኪና ሁሉ እዚያች ከተማ ላይ ለፍተሻና ለወረቀት ይቆማል። መኪና ቆመ ማለት ሾፌር ወረደ ማለት ነው፤ ሾፌር ወረደ ማለት ደግሞ… መቼም ታውቁታላችሁ።

እኔም ወደ ሰመራ ሳልፍ መሽቶብኝ እዚያው አደርኩ። ሙቀቱ ቤት ውስጥ አያስቀምጥምና በረንዳ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ስቤ ከሾፌሮቹ ጋር ተቀመጥኩ። አንድ የቦቴ ሾፌር ጨዋታውን ይዞታል።

"ቻይናው አለቃ አንዱን የቀን ሠራተኛ ተናደደበትና 'ዩ! ፋየር!' ብሎ ጮኸ። ልጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እየሮጠ ሄዶ ያንን ቀዩን እሳት ማጥፊያ ተሸክሞ መጣ! ቻይናው የባሰ በገነና 'ፋየር! ፋየር!' አለ። ልጁ 'በቃ እሳቱ በርትቷል' ብሎ መቆለፊያውን ነቀለና ቻይናውን በነጭ ዱቄት አለበሰው!"

በረንዳው በሳቅ ተናጋ። እኔማ ከሁሉም አብዝቼ ነው የሳቅሁት፤ የሳምንቱን ጽሑፍ በነጻ አገኘሁ ብዬ።

ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ጥግ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ቻይናዊ ነው። ከተናገርነው ሁሉ የገባው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ "ቻይና" እና "ፋየር"። የአገሩ ስም፣ እሳት፣ ከዚያ የአሥር ሰው ሳቅ። እስቲ በእሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ሁለተኛው ከወደ ግድግዳው የተቀመጠ፣ ሃያዎቹን ብዙም ያላለፈ ወጣት ነው።

"ዱቄቱ ውሸት ነው" አለ።

"ምኑ?"

"ዱቄቱ። ማጥፊያውን ይዤ መምጣቴ እውነት ነው። አልረጨሁም። ዱቄቱን የጨመረው ወሬው ነው።"

ዝም አልን። ሾፌሩ አንዴ ልጁን አንዴ እኛን እያየ "አንተ ነህ እንዴ? ይቅርታ ወንድሜ፣ እኔ እኮ ጋላፊ ላይ ነው የሰማሁት" አለና ሻይ አዘዘለት። ሻዩን አልጠጣውም።

የባቲ ልጅ ነው። አንድ የመንገድ ሥራ ላይ ሦስት ወር ከሁለት ሳምንት ሠርቷል። የድርጅቱን ስም ነግሮኛል፤ የአንድ ወገን ቃል ብቻ ይዤ አልጽፈውም። የሚሠራው ለማሽኖቹ ነዳጅ በሚቀዳበት ቦታ ነበር። "ጋሼ፣ እዚያ ቦታ ላይ እሳት ማለት ጨዋታ አይደለም" አለኝ። "አለቃው ሲጮህ መጀመሪያ የታየኝ በርሜሉ ነው።" ነገሩን አብራርቶ የነገረው በኋላ የመጣው አበሻ ካቦ ነው። እሱም ያብራራው በሁለት ቃል ነው፤ "ጨርሰሃል፣ ሂድ።" ምን እንዳጠፋ እስከዚያች ምሽት ድረስ አላወቀም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ደመወዝም አልተቀበለም።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። ይህ ልጅ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሯል፤ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተምሯል። "ፋየር" የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ችግሩ ማወቁ ነው! ቃሉን ጨርሶ የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ የአለቃውን ፊት አይቶ፣ የጣቱን አቅጣጫ አይቶ "ተባረርኩ" ይል ነበር። ይህ ግን ደብተሩ ላይ "ፋየር እኩል ይሆናል እሳት" ብሎ ጽፏል፤ ምናልባትም በቀይ እስክሪብቶ "ራይት" ተደርጎለታል። ነዳጅ ቤት ቆሞ "እሳት" ሲባል የሚሮጥ ሠራተኛ ደግሞ በየትኛውም አገር የሚሸለም እንጂ የሚባረር አይደለም።

ቻይናዊው ደብተር ነበረው። በስልኩ አስተርጓሚ ሊያናግረን ሞከረና ስልኩ ያልሆነ ነገር ሲቀባጥር ትቶት ደብተሩን አወጣ። እሱ የመንገድ ሠራተኛ አይደለም፤ ከጂቡቲ ከሚገቡ መኪኖች ጋር የመጣ መካኒክ ነው፤ ወረቀት እስኪያልቅ እየጠበቀ ነው። እንግሊዝኛ የሚማረው ለብቻው ነው። ገጹን ሲገልጥልኝ መሃል ላይ "ፋየር" ተጽፎ፣ ዙሪያውን እንደ ፀሐይ ጨረር ቀስቶች ወጥተውበት፣ በየቀስቱ ጫፍ በራሱ ፊደል ትርጉም ሰፍሯል። የሚነድ እሳት። ጥይት መተኮስ። ሸክላ ማቃጠል። ሰው ከሥራ ማባረር። ሰውን ማነሣሣት። እሳት የተነሣበት ቤት። ያን ዕለት ግብ በግብ የሆነ ኳስ ተጫዋችም። ከሁሉም ሥር ትልቅ የጥያቄ ምልክት አለ።

በተሰባበረ እንግሊዝኛ የጠየቀኝን አልረሳውም። "ቤቴ ፋየር ከሆነ ፋየር የሚባሉትን ሰዎች እጠራለሁ። እኔ ፋየር ከሆንኩ ማንን ልጥራ?"

መልስ አልነበረኝም። ግን የእናንተስ ቋንቋ እሳትን ምን ያደርጉበታል ብዬ ጠየቅሁት፤ ሌሊቱ የተጀመረው ያኔ ነው።

እሳት በእነሱ ቋንቋ "ኹዎ" ይባላል። ፊደሉ ቀላል ነው፤ አራት ጭረት፤ የቆመ ሰው ይመስልና ከግራ ከቀኙ ብልጭታ ይወጣዋል። ከዚህ ፊደል ያላወጡት ነገር የለም። ባቡር "የእሳት ጋሪ" ነው። እኛ ባቡር ያልነው ከፈረንሳዮች "ቫፐር" ከሚለው የእንፋሎት ስም ወስደን ነው፤ እነሱ እሳቱን አዩ፣ እኛ እንፋሎቱን ሰማን። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ ጂቡቲ የተዘረጋው ሐዲድ ላይ የሚሄደው ግን በኤሌክትሪክ ነው፤ እሳትም እንፋሎትም የለውም። ሁለታችንም አሮጌውን ስም ይዘን ቀረን። ክብሪት "የእሳት እንጨት" ነው። ሮኬት "የእሳት ቀስት" ነው። ማርስ የምንላት ኮከብ "የእሳት ኮከብ" ናት። ጉሮሮው ቆስሎ፣ አፉ ቀልቶ የታመመ ሰው "እሳት ወጣብኝ" ይላል፤ የተጠበሰ ሲያበዛ ነው አሉ። (እኛ "ምች መታኝ" እንደምንለው ያለ፣ ሐኪም የማይገባው በሽታ መሆኑ ነው።) ተናደደ ለማለት "እሳት አወጣ"፣ ዘፋኙ ገነነ ለማለት "እሳት ሆነ" ይላሉ። የደነቀኝ ባሩድ ነው። ባሩድን ለዓለም የሰጡት ቻይናዎች ናቸው፤ በቋንቋቸው ስሙ "የእሳት መድኃኒት" ነው። መድኃኒት!

ታዲያ ይህ ሰው ከእሳት ቤት መጥቶ በእንግሊዝኛው "ፋየር" ምን አደናገረው? እዚህ ላይ ነው ትምህርታችንን የማማው። የእኛንም፣ የእነሱንም።

እኛ ቋንቋ የተማርነው በሁለት ዓምድ ነው። በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ፣ በመሃል የእኩል ይሆናል ምልክት። ቃል እንደ ገንዘብ የሚመነዘር ይመስለናል፤ አንድ ፋየር በአንድ እሳት። ቻይናዎቹም ከዚህ አይሻሉም። በአገራቸው ለፈተና የሚሸመደደው የቃላት ዝርዝር በፊደል ተራ ስለሚሄድ፣ ተማሪው መጀመሪያ የሚያገኘው "አባንደን" የሚለውን ነው። ትርጉሙ እርግፍ አድርጎ መተው ነው። ብዙዎች እዚያችው ቃል ላይ ትምህርቱን እርግፍ አድርገው ይተዋሉ እያሉ ራሳቸው ይቀልዳሉ።

እንዲህ መሆን አልነበረበትም። ሁላችንም "ሆርንቢ" እያልን የምንጠራው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ከየት እንደመጣ ብዙ ሰው አያውቅም። ሆርንቢ ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። መጽሐፉ በመጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ሲሆን፣ ኦክስፎርድ የራሱ አድርጎ ያሳተመው በ1948 ነው። የተዘጋጀው እንግሊዝኛን ከእናቱ ጡት ጋር ላልጠባ፣ ከእስያ ጫፍ ሆኖ "ይህ ቃል የሚገባው ከየትኛው ቃል ጋር ነው?" እያለ ለሚጨነቅ ተማሪ ነበር። ለዚህም ነው ቃሉን በዐረፍተ ነገር አስገብቶ የሚያሳየው። ለእኛም እንዲህ ያለ አልታጣም። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት አንዱን የእንግሊዝኛ ቃል በየአገባቡ ዐረፍተ ነገር ሠርቶለት፣ አማርኛውንም እንደየአገባቡ ይለዋውጠዋል። "ፋየር" ብለህ ስትከፍት "እሳት" ብሎ አይሸኝህም። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ባለፍኩባቸው ትምህርት ቤቶች ውስጥ አንድም ቀን ተማሪ እጅ ገብቶ አላየሁም። ቢበዛ ዳይሬክተሩ ቢሮ፣ መስታወት ውስጥ፣ ተቆልፎበት ነው።

ክፋቱ ደግሞ መምህሩ ጥቂት ቢደክም ኖሮ አማርኛው ራሱ ያግዘው ነበር። "ተኮሰ" የሚለውን ግሳችንን ያዙልኝ። ወታደር ይተኩሳል። እናት ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ በካውያ። ባላገር የታመመ በሬውን በጋለ ብረት ይተኩሳል። የታመመ ሰው ትኩሳት አለበት። ቡና ቤት ገብተን "ትኩስ ነገር ምን አለ?" እንላለን፤ ጋዜጣችንም ትኩስ ዜና ይዞ ይወጣል። ሁሉም ከአንድ የጋለ ነገር የወጡ ናቸው። ይህን ግስ በእጁ የያዘ ልጅ "እንግሊዞችም ጥይቱን በእሳት ስም ጠሩት፤ የድሮ ጠመንጃ ባሩዱ እሳት ካልነካው አይተኩስማ" ቢባል በአንድ ደቂቃ ይገባው ነበር። "ኦፕን ፋየር" ቢሉት "ተኩስ ከፈተ" ብሎ ያርፋል። ቻይናውም "እሳት ከፈተ" ነው የሚለው! ሦስታችንም እዚያ ላይ አንድ ነን። ስለ አንድ ጎበዝ ልጅ ስናወራም አንድ ነን፤ እኛ "እሳት የላሰ" እንላለን፣ ኑሮም ሲወደድ "እሳት ሆነ" እንላለን። አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ "የአማርኛ ፈሊጦች"ን ሲያዘጋጁ የደከሙት እንዲህ ያለውን ሀብት ለመሰብሰብ ነው። የቋንቋ ትምህርታችን ግን ይህንን ሁሉ ደጅ አስቀምጦ "ሪፒት አፍተር ሚ" ይላል።

የማይገናኘው አንዱ ቀስት ብቻ ነው፤ ያ የባቲው ልጅ የወደቀበት። ከሥራ ማባረርን "ፋየር" ያሉት አሜሪካኖች ናቸው ይባላል፤ ነገሩም የቃላት ጨዋታ ነው። "ዲስቻርጅ" የሚለው ቃል ጠመንጃን ማራገፍም፣ ሠራተኛን ማሰናበትም ነበር። አንድ ቀልደኛ "ጠመንጃው ከተራገፈ ተተኮሰ ማለት አይደል?" ብሎ ሠራተኛውንም ተኮሰው። ስለዚህ እንግሊዝኛው ላይ ሠራተኛው ጥይት ነው።

ቻይናዊውን ለዚህ ምን ትላላችሁ ብለው ሳቀ። "ስኩዊድ መጥበስ" ይላሉ። ስኩዊድ የምትባል የባሕር እንስሳ አለች፤ መጥበሻ ላይ ስትገባ ትጠቀለላለች። ድሮ የተባረረ ሠራተኛ ምንጣፉን ጠቅልሎ ስለሚሄድ ነው። እጁን ጠቅልሎ አሳየን፤ ልጁ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያለው። "እኔም ፍራሼን ጠቅልዬ ነው የመጣሁት" አለ።

የእኛ ሁለት ናቸው። አንዱ የአፍ ነው፤ "ተባረረ"። ጅብ ከበረት እንደሚባረረው። ሸካራ ነው፤ ግን እውነቱን ይናገራል። ሁለተኛው የቢሮ ነው፤ "ተሰናበተ"። ስንብት ማለት ወዳጅ ከወዳጁ ሲለያይ፣ ጉንጭ ተሳስሞ፣ "በሰላም ግባ" ተባብሎ የሚደረግ ነገር ነበር። ሰውን ያለ ምክንያት ከእንጀራው ነቅለህ ስታበቃ "አሰናበትነው" ማለት ከሁለቱም እሳት የባሰ ይመስለኛል። "ፋየር" ቢያንስ ያቃጥላል፤ "ስንብት" ግን እያቀፈ ነው የሚጥልህ።

ሕጉ ደግሞ ከሁሉም ቋንቋ የተሻለ ይናገራል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም። ያንን የጨረሰን ሠራተኛ በማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት አሠሪ ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ መስጠት አለበት፤ ከአንድ ዓመት ያልበለጠ ላገለገለ ማስጠንቀቂያው አንድ ወር ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚያስችሉ ጥፋቶች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣል። በጽሑፍ! በጩኸት የሚል የለም። ሕግ አውጪው እንዲህ ያደረገው፣ መቼም ሚሌ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አይደለም፤ ግን የተቀመጠ ያህል ነው። በወረቀት ላይ "ፋየር" ብቻውን መቆም አይችልም፤ ማን፣ ለምን፣ ከመቼ ጀምሮ የሚሉት አብረውት መምጣት አለባቸው።

እዚህ ላይ ቻይናን ብቻ መክሰስ ቀላል ነው፤ ልማዳችንም ነው። ልጆቻችን መንገድ ላይ "ቻይና! ቻይና!" እያሉ ይከተሏቸዋል፤ ሲኖትራኩን "ቀይ ሽብር" ብለን ስም አውጥተንለታል። እኔ ግን ያናደደኝ ካቦው ነው። አለቃው ቋንቋ አያውቅም፤ ከአርባ የማይበልጥ ቃል ይዞ "ቶሎ ቶሎ"፣ "ችግር የለም"፣ "ኖ ጉድ" እያለ ነው የሚያሠራው። ካቦው ግን አማርኛ ያውቃል፣ እንግሊዝኛውም ገብቶታል፣ ልጁንም ያውቀዋል። በመካከል የቆመ እሱ ነው። "አለቃው የተቆጣው በዚህ ምክንያት ነው" ማለት ይችል ነበር። "ልጁ የሮጠው ነዳጁ እንዳይነድ ብሎ ነው" ብሎ ለአለቃው መንገርም ይችል ነበር። ያን ሁሉ አላደረገም፤ ነገሩን ወስዶ ቀልድ አደረገው። ቀልዱ ጋላፊ ደረሰ፣ ከጋላፊ ሚሌ ተመለሰ፣ እኛም ሳቅን። ለካቦው ያልኩት ለእኔም ይሆናል።

ሻይ የምታቀርብልን ሴት ይህን ሁሉ ቆማ ሰምታ ኖሮ፣ "እኔ እኮ መጀመሪያ ያ ቃል ሲነሣ ተኩስ ነው ያልኩት" አለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሚሌ ተጠግቶ፣ ያ መንገድ ይቆረጣል አይቆረጥም እየተባለ አገር ሁሉ ካርታ ይዞ በተቀመጠበት ሰሞን እሷ እዚያው ነበረች። "ፋየር" ለሾፌሩ ቀልድ፣ ለልጁ እንጀራ፣ ለመካኒኩ የደብተር ጥያቄ፣ ለእሷ ደግሞ ከወደ ባቲ የሚሰማ ድምፅ ነው። ይህንን ሁሉ የትኛው ባለ ሁለት ዓምድ ደብተር ይችለዋል?

ደግሞስ እሳትን በተመለከተ ከአፋር ምድር የበለጠ ማን ይናገር! መሬቱ ራሱ እሳት ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ አካባቢ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቆ የዓለም ሳይንቲስት ሁሉ መጣ። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ላይ መሬት እየተንቀጠቀጠ ሰው ቀዬውን ለቀቀ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንን አልፎ ሕንድ ደረሰ። እኛ ይህንን "እሳተ ገሞራ" እንለዋለን፤ ሰዶምና ገሞራን ያጠፋው እሳት ማለታችን ነው፤ ቅጣት አድርገን ነው የሰየምነው። ፈረንጆቹ የሮማን የእሳት አምላክ ስም ሰጡት። ቻይናዊው "የእሳት ተራራ" ብሎ ያየውን ተናገረ። አፋሮቹ ደግሞ ኤርታ አሌ ሲሉ "የሚጨስ ተራራ" ማለታቸው ነው፤ እሳትን በቋንቋቸው ጊራ ይሉታል፤ ተራራውን ግን በጭሱ ጠሩት። በየቀኑ ከደጃፉ የሚታየው ጭሱ ነዋ።

አፋር አንድ ሌላ ነገርም አለው፤ ዳጉ። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው፣ ወይም ቁጭ ብለው፣ አንዱ ያየውንና የሰማውን በዝርዝር ይነግራል፤ ሌላው ያዳምጣል፤ ከዚያ ተራው ይለወጣል። ዝናቡ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ማን ሞተ፣ ይህንን አንተ አየኸው ወይስ ሰማኸው። ያየኸውን ካየኸው፣ የሰማኸውን ከሰማኸው ለይተህ ነው የምትናገረው፤ ምክንያቱም ሰው ያንን ወሬ ይዞ ከብቱን ይነዳበታል። በዳጉ ሕግ ቢሆን ኖሮ ያ ዱቄት ከጋላፊ ሚሌ ድረስ አይመጣም ነበር። አስፋልቱን በአፋር ምድር ላይ አነጠፍን፤ ወሬ አነጋገሩን ግን ከባለቤቶቹ አልተማርንም።

ሌሊቱ ወደ ስድስት ሰዓት ሲጠጋ ሾፌሮቹ እየተነሡ መኪናቸው ሥር ሊተኙ ሄዱ። ለመካኒኩ እኔም የእኛን አንድ ነገር ነገርኩት። ልጅ ሳለሁ ቤታችን እሳት ሲጠፋ እናቴ በገል ፍም እንዳመጣ ጎረቤት ትልከኝ ነበር፤ "እሳት መጫር" ይባላል አልኩት። ከተጣላኸው ሰው ቤት እሳት አትጭርም። እሳት የምትጫጫር ከሆነ ጎረቤት ነህ ማለት ነው። ይህን ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ፤ እጄን እንደ ገል አድርጌ፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየተመላለስኩ። ሲገባው ጠረጴዛውን መታ። ደብተሩን ስቦ አንድ ቃል ጻፈ፤ "ኹዎባን"። ባልደረባ ማለት ነው። ድሮ በሠራዊታቸው አሥር አሥሩ ወታደር በአንድ እሳት ላይ አብስሎ ይበላ ስለነበር፣ ጓድ ማለት "የአንድ እሳት ሰው" ማለት ሆነ አለኝ። ዛሬ ሲጽፉት ከእሳቱ አጠገብ አንድ የሰው ምልክት ያስጠጉበታል።

ልጁ ሰመራ ላለው የሠራተኛ ጉዳይ ለሚመለከተው ቢሮ ማመልከቻ አልጻፈም ነበር፤ ማን ይሰማኛል ብሎ። ያን ሌሊት አብረን ጻፍነው። አንድ ገጽ ነው። ስም፣ የሥራ ቦታ፣ ሥራ የጀመረበትና ያቆመበት ቀን፣ ያልተከፈለው ደመወዝ፣ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው። ለአሠሪውም አንድ ቅጂ አዘጋጀን። ያቺኛዋ ላይ መካኒኩ ከሥር ሁለት መስመር በራሱ ፊደል ጨመረበት። ስሙን አልጻፈም፤ እኔም አልጠየቅሁትም፤ በሰው አገር እንጀራ ላይ ያለ ሰው ነው።

ልጁ ወረቀቱን አምፖሉ ሥር አስጠግቶ ፊደሎቹን ሲመረምር ቆየና ጣቱን አንዱ ላይ አሳረፈ።

"ይቺ እሳቷ ናት?"

መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ።

"አጠገቧ ያለችውስ?"

"ሰው" አልኩት።

አጥፎ የደረት ኪሱ ከተተው። ሊነጋ ሲል ያ ቀልደኛ ሾፌር ባዶ ቦቴውን ይዞ ወደ ጂቡቲ ሊወርድ ሞተር ሲያስነሣ ነቃሁ። ልጁን እስከ ሰመራ በነጻ ሊወስደው ጋቢና አስቀምጦታል። በሩ ሳይዘጋ በፊት "ስማ፣ እሳት ማጥፊያው ከወንበርህ ኋላ ነው፤ እኔ ካልጮህኩ እንዳትነካው" ሲለው ሰማሁ።